መፍቻውን ለአዲሱ ሰው ስጡት

«ከለመንዳሪያውን ትናንት ቀየርኩት፣ ዛሬ ጠዋት ደግሞ ተነፈሰ። ምን ሆኖ ነው?»

በጋራ የብስክሌት ጋራዥ ውስጥ ሰንበት ያለ በጎ ፈቃደኛ ይህን ጥያቄ ጠያቂው አፉን ሳይከፍት ያውቀዋል። የኋላ ጎማው መሬት ላይ ተለጥፎ፣ ብስክሌቱን በኮርቻው አንጠልጥሎ ሲገባ ይታየዋል። ለመላሹ ጥያቄው አርጅቷል። ጠያቂው ግን ሥራ ረፍዶበታል፣ ለአዲስ ከለመንዳሪያ ገንዘብ አውጥቷል፣ ባልለመደው ጣሊያንኛ ምን ብሎ እንደሚጠይቅ መንገዱን ሁሉ ሲያሰላስል መጥቷል። መልሱ በእነዚህ ሁለት ሰዎች መካከል እንዴት ቢያልፍ ይሻላል? የዚህ መመሪያ ጉዳይ ይኸው ነው።

የማስበው ፒኜቶን ነው፤ በቪያ ፕሬኔስቲናና በቪያ ካዚሊና መካከል ያለውን የሮማ ሰፈር። እዚያው ፕሬኔስቲና ላይ ስኒያ ቪስኮዛ የተባለው የሰው ሠራሽ ሐር ፋብሪካ ግቢ አለ። ፋብሪካው በ1950ዎቹ ተዘጋ፤ በ1992 በግቢው ለግንባታ ሲቆፈር የከርሰ ምድር ውኃ ተነክቶ ሐይቅ ሆነ፤ የላትሲዮ ክልል በ2020 ሐይቁን በሕግ የተጠበቀ የተፈጥሮ ቅርስ አደረገው። በ1995 ወጣቶች የያዙት ኤክስ ስኒያ የሚባለው ማዕከልም እዚያው ነው። (ዓመታቱም ወራቱም በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ጣሊያኖች «ቺክሎፊቺና ፖፖላሬ» የሚሉት ነገር የሚኖረው በእንዲህ ዓይነት ቦታዎች ነው። ባለሙያ ብስክሌታችሁን ተቀብሎ ሠርቶ የሚመልስላችሁ ቤት አይደለም። መሣሪያው የጋራ ነው፣ የሚፈታውም የሚያስረውም ባለብስክሌቱ ራሱ ነው፣ በጎ ፈቃደኛው አጠገቡ ይቆማል፣ የቻለ ሰው ሳጥን ውስጥ ጥቂት ሳንቲም ይጥላል።

ይህን የምጽፈው በእንዲህ ያለ ቤት ለምታገለግሉ፣ ወይም ልታገለግሉ ላሰባችሁ ወገኖቼ ነው። የሩጫ ማኅበር፣ የክራር ቡድን ወይም የጓሮ አትክልት ቦታ ያላችሁም ከራሳችሁ ጉዳይ ጋር እያገናዘባችሁ አንብቡት።

በመጀመሪያ፣ ደብተር

ከበሩ አጠገብ አንድ ደብተር ከነእስክሪብቶው በገመድ አንጠልጥሉ። ለአንድ ወር ያህል ሰው የጠየቀው ሁሉ ይጻፍበት። የጠያቂው ስም አያስፈልግም፤ ጥያቄው ግን እርሱ በተናገረው ቃል ይስፈር። «ካቴናዬ ተበልቷል» ብሎ የሚመጣ የለም፤ «ዳገት ላይ ስረግጠው ይዘልብኛል» ነው የሚለው። «ፍሬኔ አልተስተካከለም» አይልም፤ «ይጮህብኛል» ይላል። በኋላ ወረቀት ስትለጥፉ ርእሱ እናንተ የምታውቁት የዕቃ ስም ከሆነ፣ አዲሱ ሰው የእርሱ ችግር መሆኑን ሳያውቅ አልፎት ይሄዳል።

ወሩ ሲያልቅ ደብተሩን ቡና አፍልታችሁ አብራችሁ አንብቡት። ከገጽ ገጽ ተመላልሰው የሚመጡት ጥቂቶች ናቸው፤ የሚተነፍስ ጎማ፣ የሚጮህ ፍሬን፣ የሚዘል ካቴና፣ አልፈታ ያለ ፔዳል፣ መብራት፣ የጠፋ ቁልፍ። እነዚህን አስምሩባቸው። ከዚያ ግን ስለ ብስክሌት ያልሆኑትን ፈልጉ፤ ቤቱን የሚለውጡት እነርሱ ናቸውና።

አንዱን ልውሰድ። «ሐሙስ ከሰዓት ክፍት ናችሁ?» ይህን የምትጠይቀው ማን እንደሆነች አስቡ። ጣሊያን ውስጥ በሰው ቤት ተቀጥረው አረጋውያንንና ሕፃናትን የሚንከባከቡ ሴቶች የዕረፍት ጊዜያቸው በተለምዶ ሐሙስ ከሰዓትና እሑድ ነው። ከ1970ዎቹ ጀምሮ ወደ ሮማ ከመጡት የኢትዮጵያና የኤርትራ ሴቶች ብዙዎቹ ያደሩት በዚህ ሥራ ነው። እንግዲህ ጋራዡ ማክሰኞ ማታ ብቻ የሚከፈት ከሆነ፣ እነዚህ እኅቶች አንድም ቀን አይመጡም፤ በጎ ፈቃደኞቹም ውለው አድረው «ሴቶቻችን ብስክሌት አይወዱም» ማለት ይጀምራሉ። ጥያቄው የሚደጋገመው ጠያቂዎቹ መልሱን ስላልሰሙ አይደለም። ቤቱ የጎደለው ነገር ስላለ ነው። «ማክሰኞ ብቻ ነን» የሚል ወረቀት በር ላይ መለጠፍ ጥያቄውን ያስቆመው ይሆናል፤ ጠያቂዋንም አብሮ ያስቀራል። ከሁለት በጎ ፈቃደኞች አንዱን ወደ ሐሙስ ማዛወር ይሻላል።

ሐሙስ ስትከፍቱ ደግሞ አዲስ ተደጋጋሚ ጥያቄ ይመጣል፦ «በዚህ ዕድሜዬ መንዳት እችላለሁ እንዴ?» መልሱ «አዎ» ነው፤ ግን በቃል አትመልሱት። ሁለቱንም ፔዳሎች ፍቱ። ኮርቻውን እግራቸው ሙሉ በሙሉ መሬት እስኪረግጥ ድረስ አውርዱት። ሜዳ ቦታ ላይ በእግራቸው እየገፉ ይሂዱ፤ ከኋላ ይዛችሁ አትሩጡ። እግራቸውን ሁለቱንም አንሥተው ጥቂት ሜትር መንሸራተት ሲችሉ ሚዛኑ መጥቷል፤ ያኔ ፔዳሉን መልሱት። «እትዬ፣ ፊት ለፊት ይመልከቱ፣ እግርዎን አይዩ» ከማለት ሌላ ብዙ ንግግር አያስፈልግም።

ሲገባ

አዲስ ሰው ሲመጣ በመጀመሪያ ሰላምታ፣ ከዚያ ስም፣ ከዚያ ሁለት ጥያቄ። «ብስክሌቱ ምን ሆነብህ?» እና «ከዚህ በፊት ራስህ ሞክረኸው ታውቃለህ?» ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይበልጣል።

ለፒኜቶ አዲስ የሆነ ሰው ለብስክሌት አዲስ ነው ማለት አይደለም። ባሕር ዳር ያደገ ልጅ ብስክሌትን ከልጅነቱ ያውቀዋል፤ ከተማዋ ሜዳ ናት፣ ተማሪውም ሠራተኛውም የሚነዳባት ናት። አዲስ አበባ ጎሚስታ ቤት በረዳትነት የሠራ ልጅ ደግሞ ከበጎ ፈቃደኛው በተሻለ ፍጥነት ጎማ ያወጣል። ካቴናን፣ ፍሬንን፣ ካቻቢቴን፣ ዳዶን፣ ኩሽኔታን በስማቸው ያውቃቸዋል፤ እነዚህ ቃላት ጣሊያንኛው ውስጥም ስላሉ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከሮማው ሰው ጋር ይግባባባቸዋል። እንዲህ ያለውን ሰው «ይህ መፍቻ ይባላል» ብሎ መጀመር ስድብ ነው። በአንጻሩ መፍቻ ይዞ የማያውቅ የዩኒቨርሲቲ ምሩቅ ሊመጣ ይችላል። ልብሱና አነጋገሩ አይነግራችሁም፤ ስለዚህ ጠይቁ።

የምግብ ማድረሻ ሣጥን በጀርባው ያዘለ ልጅ ከገባ ቅድሚያ ስጡት። ለእናንተ የትርፍ ጊዜ ደስታ የሆነው ብስክሌት ለእርሱ የዛሬ እንጀራ ነው፤ አንድ ሰዓት ቢቆም የአንድ ሰዓት ገቢው ቀረበት። ሌሎቹ ተራ ጠባቂዎች ምክንያቱ ከተነገራቸው አይከፋቸውም። ይህን ደንብ ግን አስቀድማችሁ ተስማሙበት፤ በየቀኑ በአዲስ ክርክር እንዳይሆን።

መፍቻው በማን እጅ ነው?

ጥያቄ እንዲደጋገም የሚያደርገው ዋናው ነገር እኛው ነን። አዲሱ ሰው ይጠይቃል፣ እኛ ቸኩለን መሣሪያውን እንነጥቀዋለን፣ በጥቂት ደቂቃ ሠርተን እንሰጠዋለን። አመስግኖ ይሄዳል። በሳምንቱ በዚያው ጥያቄ ይመለሳል፤ ምክንያቱም ያየው የእኛን ጀርባ ብቻ ነው። ስለዚህ የዚህ ሁሉ መመሪያ እምብርት አንድ ደንብ ነው፦ መፍቻው ከጠያቂው እጅ አይወጣም። የእናንተ እጅ ከኪሳችሁ ወይም ከወገባችሁ ጀርባ ይሁን።

ለአብነት መግቢያው ላይ ያነሣሁትን የተነፈሰ ጎማ በዚህ ደንብ እንሥራው።

ልጁ ከለመንዳሪያውን አውጥቶ ሊጥለው ሲል አስቁሙት። «ቀዳዳውን ሳታገኘው አዲስ አታስገባ» በሉት። መጀመሪያ ጎማው ከቸርኬው ከመውጣቱ በፊት፣ ቫልቮላው ጎማው ላይ ካለው ጽሑፍ በየትኛው በኩል እንደሆነ በጠመኔ ምልክት ያድርግ። ከዚያ ከለመንዳሪያውን ያውጣና ይንፋው፤ ውኃ ውስጥ ይንከረው፤ አረፋው ከየት እንደሚወጣ ይይ። አሁን ጥያቄውን መልሳችሁ ለእርሱ ስጡት፦ «ቀዳዳው በየትኛው ወገን ነው?»

ቀዳዳው መንገዱን በሚነካው ወገን ከሆነ ስባሪ ጠርሙስ ወይም እሾህ ገብቶ ነው፤ ምናልባትም አሁንም ጎማው ውስጥ ተሰክቷል። ቫልቮላውን ከጠመኔው ምልክት ጋር አገናኝቶ ቦታውን ያግኝ፤ ጎማውን ከውስጥ በጨርቅ ይዳብሰው፣ በባዶ ጣት እንዳይቆረጥ። ትናንት የቀየረው ዛሬ የተነፈሰበት ምክንያት ብዙ ጊዜ ይህ ነው፤ ከለመንዳሪያውን ቀየረ፣ እሾሁን እዚያው ተወው። ቀዳዳው ወደ ቸርኬው ባለው ወገን ከሆነ ደግሞ የራጂ ጫፍ ወጥቶ ነው፤ ቸርኬው ላይ የሚጠመጠመው መከላከያ ተንሸራቷል ማለት ነው። ሁለት ቀዳዳዎች ጎን ለጎን ከሆኑ ወጊ የለም፤ ጎማው በቂ አየር ሳይኖረው ከጠርዝ ጋር ተጋጭቶ ከለመንዳሪያው በሁለት በኩል ተነክሷል። ፕሬኔስቲና ላይ የ5፣ የ14 እና የ19 ቁጥር ትራሞች ሐዲድ አለ፤ በሮማ ጥቁር ጠርብ ድንጋይ ላይ ደግሞ ጎማው ሁልጊዜ ይመታል። ስለዚህ እዚህ ሰፈር ይህ ሦስተኛው ዓይነት ቀዳዳ ብርቅ አይደለም።

ልጣፍ ሲለጥፍ የሚሳሳትበት ቦታ አንድ ነው፤ ትዕግሥት። በብርጭቆ ወረቀት ይፈግፍገው፣ ማስቲሹን በስሱ ይቀባው፣ ከዚያ ይጠብቅ። ማስቲሹ አብረቅራቂነቱ ጠፍቶ እስኪደርቅ ጥቂት ደቂቃ ይፈልጋል። እርጥብ ማስቲሽ ላይ የተለጠፈ ነገር ነገ ይነሣል፤ ልጁም ነገ ይመለሳል። የጥበቃዋን ጊዜ ጎማው ጎን ላይ የተጻፈውን ቁጥር በማንበብ አሳልፏት፦ የሚሸከመው አየር መጠን እዚያው ተጽፏል። ሐዲድ ሲያቋርጥ በተቻለ መጠን ቀጥ ብሎ፣ ሐዲዱን በመስቀለኛ እንዲያልፈው፣ ዝናብ ከዘነበ ደግሞ ወርዶ እንዲገፋ የምትነግሩትም ያን ጊዜ ነው። ይህ ምክር ሆስፒታል ከመግባት ያድናል።

ይህ ሁሉ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል፤ እናንተ ብትሠሩት አሥር ደቂቃ ነበር። የሃያ ደቂቃዋ ልዩነት የምትባክን ትመስላለች። ግን ያ ልጅ «ለምን ይተነፍሳል?» ብሎ ዳግመኛ አይጠይቅም፤ ሌላው ሲጠይቅ ደግሞ የሚመልሰው እርሱ ይሆናል።

ትናንት የተማረ ያስተምር

የቆሎ ትምህርት ቤትን ሥርዓት የሚያውቅ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳዋል። የኔታ ፊደል የሚቆጥረውን ሕፃን ሁሉ ራሳቸው አያስቀጽሉም፤ ገፋ ያለው ተማሪ ጀማሪውን ያስቀጽላል፣ የኔታ ከዳር ሆነው ያዳምጣሉ፣ ስሕተት ሲሰሙ ያርማሉ። አስተማሪ ስላነሰ ብቻ የተደረገ አይደለም። ቅርብ ጊዜ የተማረ ሰው ራሱ የቸገረው የት ላይ እንደሆነ አልረሳውም፤ ሊቁ ግን ከዘመናት በፊት ስላለፈው አይታየውም።

በጋራዡም እንዲሁ አድርጉ። «ጎማዬ ተነፈሰ» የሚል ሲመጣ አንጋፋው አይነሣ። ባለፈው ሳምንት የለጠፈውን ልጅ ጥሩትና «እስቲ አንተ አሳየው» በሉት። መጀመሪያ ያፍራል፤ «እኔ ምን አውቃለሁ» ይላል። አጠገቡ ቁሙ፣ ዝም በሉ፣ ሲሳሳት ብቻ ጠይቁት፦ «ማስቲሹ ደርቋል?» በዚህች አንዲት አካሄድ ሦስት ነገር ይሆናል፤ ጠያቂው ይማራል፣ ያስተማረው እውቀቱ ይጸናለታል፣ አንጋፋው ከመሰልቸት ያርፋል። ለስደተኛ ደግሞ አራተኛ አለ። በየቢሮው ወረፋ ይዞ ሲጠይቅ የከረመ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ተጠያቂ ይሆናል። ፊቱ ላይ የሚመጣውን ለውጥ ልብ ብላችሁ እዩት።

ሮማ ይህን ከብስክሌት ውጪም አይታዋለች። አሲኒታስ በተባለው ማኅበር የጣሊያንኛ ትምህርት ቤት የተማረው ዳግማዊ ይመር በ2006 ላምፔዱሳ የደረሰ ኢትዮጵያዊ ነው፤ በ2008 ከአንድሬያ ሴግሬና ከሪካርዶ ቢያዴኔ ጋር በሊቢያ በኩል ስላለው የስደት መንገድ የሚናገር ዘጋቢ ፊልም ሠራ። ቋንቋ ሊማር የመጣው ሰው በሁለት ዓመት ውስጥ ጣሊያኖችን ያስተማረበት ሥራ ነው። በዚያው በ2008 ኤራልዶ አፊናቲ ባለቤቱን ይዞ የከፈተው ፔኒ ዊርተን የተባለው የነጻ ትምህርት ቤትም የሚያስተምረው በተቻለ መጠን አንድ አስተማሪ ከአንድ ተማሪ ጋር አቀማምጦ ነው። ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ሰብስቦ ማስረዳት ጊዜ የሚቆጥብ ይመስላል፤ ባልለመደው ቋንቋ የሚሰማ ሰው ግን ከብዙ ሰው መካከል እጁን አውጥቶ «አልገባኝም» አይልም።

ግድግዳው ምን ይናገር?

ወረቀት የሚረዳው ለጥቂት ነገር ነው፤ ያውም በትክክለኛው ቦታ ከተለጠፈ ነው። በር ላይ ሃያ ነጥብ ያለው ደንብ ለጥፎ ማንም አያነብልንም ብሎ ማማረር ዋጋ የለውም። የፔዳል ወረቀት መፍቻው በተሰቀለበት፣ የጎማ ወረቀት መንፊያው አጠገብ ይሁን።

ፔዳል ላይ የሚጻፈው አጭር ነው። የግራው ፔዳል ጥርሱ የተገላቢጦሽ ነው። ባለ 15 ቁጥሩ መፍቻ ከላይ በኩል ይግባ፣ ከዚያ ወደ ብስክሌቱ ኋላ ይገፋ፤ በግራም በቀኝም ይፈታል። ሥዕል ጨምሩበት። ይህን የማያውቅ ጉልበተኛ ሰው የግራውን ፔዳል የሚያጠብቀው እየፈታሁ ነው እያለ ነው።

ካቴና ላይም እንዲሁ፦ ከአንድ ፒን መሃል ጀምሮ 24 ማያያዣ ይቆጠር፣ በማስመሪያ ይለካ። አዲስ ካቴና 30.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ 30.7 ካለፈ ይቀየር።

ጎማ መግዛት ግን ብዙ ገንዘብ የሚያስጠፋ ነገር ስለሆነ ትልቅ ወረቀት ይገባዋል። «26 ነው» ብሎ ሄዶ 26 ገዝቶ የሚመለስ፣ ጎማውም አልገባ የሚለው ሰው አይጠፋም። የተራራ ብስክሌት 26 እና የድሮ የከተማ ብስክሌት 26 አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ቸርኬ 559 ሚሊ ሜትር ነው፣ ሁለተኛው 590። ስለዚህ ሰው ወደ ሱቅ ሲሄድ በጎማው ጎን ላይ በጭረት የተለዩትን ሁለት ቁጥሮች፣ ለምሳሌ 37-590 የሚለውን፣ በስልኩ ፎቶ አንሥቶ ይሂድ። የመጀመሪያው የጎማው ስፋት ነው፣ ሁለተኛው መግባት አለመግባቱን የሚወስነው ነው።

ቋንቋውን አስቡበት። ፒኜቶና አጠገቡ ያለው ቶርፒኛታራ ሐበሻ ብቻ አይደሉም፤ የባንግላዴሽ ሰዎች በብዛት አሉ። ጣሊያንኛ፣ አማርኛ፣ ትግርኛ፣ ቤንጋሊ። ለትርጉም አዲስ መጪዎቹን ጠይቋቸው፤ በመጡ በሁለተኛው ሳምንት ቤቱ የሚፈልገው ሥራ አገኙ ማለት ነው።

አንድ ዓይነት መልስ የሚያስፈልጋቸው

አብዛኛውን ጥያቄ እያንዳንዱ በጎ ፈቃደኛ በራሱ መንገድ ቢመልሰው ችግር የለም። ሁለት ጥያቄዎች ግን ከማንም አፍ አንድ ዓይነት መልስ ይውጣ።

አንዱ፣ «ቁልፌ ጠፋብኝ፣ ሰንሰለቱን ቁረጡልኝ» የሚለው ነው። እውነት ሊሆን ይችላል፤ የሌላ ሰው ብስክሌት ሊሆንም ይችላል። የግዢ ደረሰኝ ወይም ከብስክሌቱ ጋር የተነሣው የቆየ ፎቶ ካለው ይቆረጥለት፤ ከሌለው አይቆረጥ። ሰኞ እምቢ የተባለ ሰው ረቡዕ ከሌላ በጎ ፈቃደኛ እሺ ከተባለ፣ ሁለተኛ ማንም ደንባችሁን አያከብርም።

ሌላው፣ «መንገድ ላይ በሠላሳ ዩሮ ብስክሌት ሊሸጡልኝ ነው፣ ልግዛ?» የሚለው ነው። እዚህ ላይ ለስላሳ መሆን አይገባም፤ አትግዛ በሉት። የጣሊያን ወንጀለኛ መቅጫ ሕግ አንቀጽ 712 አመጣጡ የሚያጠራጥርን ዕቃ ሳያጣሩ መግዛትን ያስቀጣል፤ አንቀጽ 648 ደግሞ ከወንጀል የተገኘ መሆኑን እያወቀ የሚቀበለውን በከባዱ ይቀጣል። የመኖሪያ ፈቃዱን ለሚጠብቅ ልጅ እንዲህ ያለ ክስ ከሠላሳ ዩሮው ብዙ እጥፍ ያስከፍለዋል። «አትግዛ» ብላችሁ ብቻ ግን አትስደዱት፤ ከተጣሉ ብስክሌቶች ፍሬም መርጦ፣ ጎማና ፍሬን አሰባስቦ በጥቂት ሳምንት የራሱን እንዲሠራ ጋብዙት።

ስለ ብስክሌት ያልሆነው

መፍቻ ይዞ አንድ ሰዓት አብሮ የሠራ ሰው ልቡን ይከፍታል። «የት ልደር?»፣ «ወረቀቴን ማን ያይልኛል?» የሚለው ጥያቄ የሚመጣው ቡሎን እያጠበቀ ሳለ ነው። በነሐሴ 2017 በፒያሳ ኢንዲፔንዴንሳ አጠገብ፣ ቪያ ኩርታቶኔ ከነበረው ሕንጻ የተባረሩት በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች አብዛኞቹ ኤርትራውያንና ኢትዮጵያውያን ነበሩ፤ ጥያቄው የመጣው ከዚህ ዓይነት ኑሮ ነው። ይህን በግምት አትመልሱት። «እኔ ሳውቅ እንዲህ ነበር» የሚለው የወረቀት ምክር ሰው ይጎዳል። በር አጠገብ አጭር ዝርዝር ይኑር፤ ከ1981 ጀምሮ ስደተኞችን የሚረዳው ቼንትሮ አስታሊ፣ ካሪታስ፣ በሰፈሩ ያሉ የጣሊያንኛ ትምህርት ቤቶች። አድራሻና የሥራ ሰዓት ይጻፍ፤ በየጊዜው ደውሎ የሚያረጋግጥ አንድ ሰው ይመደብ። የቻለ ደግሞ የመጀመሪያውን ቀን አብሮት ይሂድ።

አንጋፋው ሲሰለች

በየቤቱ አንድ አለ፤ እጁ ወርቅ የሆነ፣ አፉ ግን አዲስ ሰው የሚያባርር። «ይህንኑ ስንቴ ነው የምንነግራችሁ?» ይላል። በሰው ፊት አትገሥጹት። ለብቻው ይዛችሁ፣ ለጥቂት ሳምንት ከበሩ ራቅ ወዳለው ጠረጴዛ፣ ከባድ ሥራ ወዳለበት አዛውሩት። ከባድ ሥራ በሮማ አይጠፋም፤ የድሮ የጣሊያን ፍሬም የፔዳል ማዞሪያው ጎድጓዳ በሁለቱም በኩል በቀኝ ጥርስ ሲታሰር፣ የእንግሊዝ ዓይነቱ በካቴናው በኩል በግራ ጥርስ ነው የሚታሰረው፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ ለይቶ ሳይሰብር መፍታት ሙያ ይጠይቃል። እርሱም ሲጠራጠር ሌላውን ጮክ ብሎ ይጠይቅ። አዲሶቹ ይስሙት። አንጋፋው ሲጠይቅ ያየ አዲስ ሰው ለመጠየቅ አያፍርም፤ መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ የሚባለውን ከቃል ይልቅ በዓይኑ አየው።

ሁላችሁም ደግሞ ከአፋችሁ የምታርቋት አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች፦ «ይሄማ ቀላል ነው።» ስትናገሯት ማበረታቻ ትመስላለች። የሚሰማት ሰው ግን «ቀላሉን ነገር አቃተኝ» ብሎ ነው የሚሰማት፤ ሁለተኛ አይጠይቅም፣ ብዙ ጊዜም ሁለተኛ አይመጣም። በምትኩ «እዚህ ጋ ሁሉም ሰው ይቸገራል፣ ቀስ በል» በሉ።

ስለ ገደብ አጭር ነገር ልበል። አንዳንዱ የሚመጣው ለመማር አይደለም፤ በየሳምንቱ የተለያየ ብስክሌት አሠርቶ ይሸጣል፣ ወይም ዕቃ ለቅሞ ይሄዳል። በሦስተኛው ጊዜ ለብቻው ጠርታችሁ በግልጽ ንገሩት፤ ሌሎቹ ፊት አታዋርዱት። መማር የማይፈልገውን፣ ቡና ለመጠጣትና ለማውራት ብቻ የሚመጣውን ግን ተዉት። ወንበር ስጡት። ሰዓቱ ሲደርስ ሣጥኑን ቆልፎ፣ ቤቱን ጠርጎ የሚሄደው አብዛኛውን ጊዜ እርሱ ነው።

ከወቅቱ ቅደሙ

ደብተሩን በዓመቱ መጨረሻ ስታነቡት ጥያቄዎቹ ወር ጠብቀው እንደሚመጡ ታያላችሁ። ሚያዝያ ላይ ክረምቱን በምድር ቤት የከረመ ብስክሌት ሁሉ ይወጣል፤ ያኔ ጥያቄው የደረቀ ካቴናና የጠነከረ የፍሬን ሽቦ ነው። በጥቅምት መጨረሻ ሰዓቱ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ሲመለስ በማግስቱ ሁሉም ከሥራ የሚወጣው ጨለማ ውስጥ ይሆናል፤ ያን ሳምንት ጥያቄው አንድ ብቻ ነው፣ መብራት። ከከተማ ውጪ ከመሸ በኋላ የሚነዳ ሰው የሚያንጸባርቅ ሰደርያ ወይም የትከሻ ማንገቻ የመልበስ የሕግ ግዴታም አለበት። ስለዚህ ከሰዓቱ ለውጥ አንድ ሳምንት በፊት የመብራት ሣጥኑን ከመደርደሪያው አውርዱ፣ ባትሪዎቹን ሞክሩ፣ ያልሠሩትን ለዩ፣ የሰደርያውን ወረቀት በአራቱም ቋንቋ በሩ ላይ ለጥፉ። መብራት ማሰርን የሚያሳየው ተረኛ ማን እንደሆነም ያን ዕለት ወስኑ፤ ባለፈው ዓመት በጥቅምት ከመጡት አንዱ ቢሆን ይመረጣል።